አስታራቂ አይፈርድም፦ ከሐብሩ እስከ ሮም

በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ገበያ ላይ «ነገሩ በሽማግሌ አለቀ» ሲባል ብዙ ሰው ክሱ የተዘጋ ይመስለዋል። ነፍስ ከጠፋ ግን በቤተሰቦች ዕርቅ ብቻ የወንጀል ክስ አይቀርም፤ መካስና መጸጸት ቅጣት ሊያቀል ይችላል እንጂ። ፍርዱም በበኩሉ ብቻውን ደም አያደርቅም። ገዳይ ታስሮ ሲወጣ ወይም ወንድሙ ገበያ ሲወርድ የሚያደባበት ካለ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት አያስጥለውም። ወሎ አበጋሩን የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያከብረው፣ ካሳ አስከፍሎ፣ አስምሎና መርቆ ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ ሰው።

«ሽምግልናን ሕግ አያውቀውም» የሚባለውም ስህተት ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለዕርቅ አንቀጾች ነበሩት፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ግልግል ዳኝነትና ዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237 ወጥቷል። በግልግል ዳኝነት ዳኛው ይወስናል፤ በዕርቅ ግን የሚወስኑት ባለጉዳዮቹ ናቸው።

ገለልተኛ ማለት ባዳ ማለት ነው የሚሉም አሉ። የሐብሩ ልምድ ግን ሌላ ያሳያል፤ ወረዳው በምሥራቅ ከአፋር ይዋሰናል። በግጦሽና በውኃ ጠብ ሲነሳ ከአንድ ወገን ብቻ የመጣ ሽማግሌ፣ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ለሌላው አይዋጥለትም። ስለዚህ የሁለቱም ሽማግሌዎች አብረው ይቀመጣሉ። መለኪያው ሩቅ መወለድ አይደለም፤ ከውጤቱ የሚያተርፈው ነገር አለመኖሩ ነው።

«ከጠላት ጋር መነጋገር ዕውቅና መስጠት ነው» የሚለው እምነት ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ጦርም ግምጃ ቤትም የሌለው የሳንት ኤጂዲዮ የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር የሞዛምቢክን መንግሥትና አማጺውን ሬናሞን ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሮም በሚገኘው ቤቱ አነጋገረ፤ ስምምነቱ ጥቅምት 4 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. ተፈረመ። ማኅበሩ መንግሥት ስላልነበረ ማንም ክብሬ ተነካ ሳይል ሊቀመጥ ቻለ።

ድርጅት ገባ ማለት ግን ሰላም መጣ ማለት አይደለም። በኢንዶኔዢያዋ አቼ የጄኔቫው የሰብአዊ ውይይት ማዕከል በ2002 እ.ኤ.አ. ያስፈረመው ስምምነት በወራት ውስጥ ፈረሰ፤ በ2005 የቀድሞው የፊንላንድ ፕሬዚዳንት የማርቲ አህቲሳሪ ድርጅት ሌላ ሙከራ አድርጎ ተሳካለት። የሰሜኑን ጦርነት ለማስቆም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው የእኛም የፕሪቶሪያ ስምምነት በፖለቲከኞች ደረጃ ነው። ጦርነቱ በወልዲያና በመርሳ ሲያልፍ በጎረቤት መካከል የተወው ቂም እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልቀረበም። ይህን ቂም የመሻር ሥራ ማገዝ የሚፈልግ ድርጅት የመጓጓዣ ወጪ ይሸፍን፣ ሁለቱም ወገን የማይፈራው ቦታ ያዘጋጅ፤ አጀንዳውንና ጊዜውን ግን ለሽማግሌዎቹ ይተው። አበጋሩ በአበል የተቀጠረ ከመሰለ ሰው ቃሉን አይሰማም።