የመዋኛ ገንዳ አጥር፦ ሕፃናቱንም ራሳችንንም ለመጠበቅ

በዚህ እትም የምንነጋገርበት ጉዳይ በሪያድ ከተማ በቪላ ቤት የምትሠሩ እኅቶችና ወንድሞች በየቀኑ አጠገቡ የምታልፉበት፣ ዙሪያውን የምትጠርጉት፣ ብዙዎቻችሁ ግን እግራችሁን እንኳ አስገብታችሁ የማታውቁት ነገር ነው። እርሱም ዓረቦቹ «መስባሕ» የሚሉት የመዋኛ ገንዳ ነው።

ገንዳው የአሠሪ ንብረት ነው፤ በገንዳው ዳር የሚሮጠው ሕፃን ግን ብዙውን ጊዜ በእናንተ እጅ ያለ አደራ ነው። ስለዚህ የገንዳ አጥር ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት፣ አጥር በሌለበት ቤትስ ምን ማድረግ እንደሚቻል ማወቅ ለአሠሪ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

አደጋው ምን ያህል ነው?

የዓለም የጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰዎች ውሃ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ከችግሩ ክብደት የተነሣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚያው ዓመት ጁላይ 25 ቀን በየዓመቱ የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል።

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ክረምት በመጣ ቁጥር ለግንባታ ተቆፍረው ሳይታጠሩ የቀሩ ጉድጓዶች ውሃ ይሞላሉ፤ የእሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽንም ልጆች እየገቡባቸው ሕይወታቸው እንደሚያልፍ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ጉድጓዱ በእብነ በረድ ቢለበጥና ውሃው ሰማያዊ መስሎ ቢታይም ለሕፃን ያው ጉድጓድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰጥም ልጅ የሚጮኽና የሚንቦጫረቅ ይመስለዋል። ትንሽ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሰጥመው። አፉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን መጮኽ አይችልም። አንጎል አየር ካጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ይህም ሻይ አፍልቶ ለእንግዳ እስኪቀርብ ካለው ጊዜ ያነሰ ነው። «ቢወድቅ እሰማለሁ» ማለት ስለዚህ አያስተማምንም።

የግቢው ግንብ ለምን አይበቃም?

የሪያድ ቪላዎች በረጅም ግንብ የታጠሩ ናቸው። አንዳንድ አሠሪዎችም «ግቢው ታጥሯል፤ ሌላ አጥር ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ነገር ግን የግቢው ግንብ የሚከለክለው ከመንገድ የሚመጣውን ሰው ነው። አደጋው ያለው ከሳሎን በር ወጥቶ በራሱ እግር ወደ ገንዳው በሚሄደው የቤቱ ልጅ ላይ ነው። ለእርሱ ግንቡ ምንም አያግደውም።

የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ይህን ገልጸዋል። ገንዳውን በአራቱም ጎን ከቤቱ ጭምር የሚለይ አጥር፣ በሦስት ጎን ብቻ ታጥሮ በቤቱ በኩል ክፍት ከሆነው ጋር ሲነጻጸር፣ ሕፃናት የመስጠም አደጋ እንዳይደርስባቸው በ83 በመቶ ይቀንሳል። ልዩነቱን ያመጣው አራተኛው ጎን፣ ማለትም በቤቱና በገንዳው መካከል ያለው አጥር ነው።

ትክክለኛ አጥር ምን ዓይነት ነው?

በልዩ ልዩ አገሮች ያሉት ደንቦች በዝርዝራቸው ትንሽ ቢለያዩም መሠረታቸው አንድ ነው።

1ኛ. ቁመቱ ቢያንስ 1.20 ሜትር ይሁን። ይህም በአማካይ ቁመት ላይ ያለች ሴት ደረት አካባቢ ይደርሳል።

2ኛ. በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። መዳፋችሁን ከነአውራ ጣቱ ብታስገቡ የሚሞላው ያህል ነው። ከዚያ ከሰፋ የትንሽ ልጅ ገላ ሊሾልክ ይችላል። ከሥሩም በአጥሩና በመሬቱ መካከል ልጅ የሚያሾልክ ክፍተት አይኑር።

3ኛ. እንደ መሰላል የሚያገለግል አግዳሚ ብረት በውጭ በኩል አይኑረው። ልጅ እግሩን የሚያሳርፍበት ካገኘ ይወጣል።

4ኛ. በሩ በራሱ ተመልሶ የሚዘጋና በራሱ የሚቆለፍ ይሁን፤ ሲከፈትም ከገንዳው ወደ ውጭ ይከፈት። ለምን ቢባል፣ ትሪ በሁለት እጁ የያዘ ሰው በሩን ሳይዘጋ ያልፋል፤ መርሳትም የሰው ጠባይ ነው። በሩ በራሱ ከተዘጋ የሰው መርሳት ልጅን አይገድልም። ወደ ውጭ የሚከፈት መሆኑ ደግሞ ልጅ ቢገፋው እንዳይከፈት ነው።

5ኛ. መቀርቀሪያው ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን። የአሜሪካው መመሪያ 1.37 ሜትር፣ የአውስትራሊያው 1.50 ሜትር ይላል።

6ኛ. በአጥሩ አጠገብ ወንበር፣ የአበባ ማሰሮ፣ ብስክሌት ወይም ሣጥን አይቀመጥ። ጥሩ አጥር አንድ የፕላስቲክ ወንበር ከተጠጋበት አጥር መሆኑ ይቀራል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት የገንዳ ሕግ ያወጣው በ1992 ነው። ፈረንሳይም በጃንዋሪ 2003 ባወጣችው ሕግ የግል ገንዳ ያለው ሰው አጥር፣ ክዳን፣ መጠለያ ወይም የማስጠንቀቂያ ደወል እንዲያበጅ አዝዛለች። በሳዑዲ ዓረቢያ የግንባታ ኮዱን ተግባራዊ የሚያደርገው ሕግ በ2017 ወጥቷል። ኮዱ የተዘጋጀው ዓለም አቀፉን የግንባታ ኮድ መሠረት አድርጎ ሲሆን፣ በዚያ ዓለም አቀፍ ኮድ የቤት ገንዳ 1.20 ሜትር ያህል መከለያ እንዲኖረው ይጠየቃል። ይሁን እንጂ ብዙ ቪላዎች ከዚያ በፊት የተሠሩ ስለሆኑ አጥር የሌለው ገንዳ ብታዩ አትገረሙ።

ነገሩ የዛሬ ዘመን ፈሊጥ ብቻም አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም እንዳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል። ቤት ያለው ሰው በቤቱ ለሚደርሰው ጉዳት አስቀድሞ ማሰብ እንዳለበት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው።

አጥር በሌለበት ቤት

አጥር ማሠራት የእናንተ ሥልጣን አይደለም። በእጃችሁ ያለው ግን ጥቂት አይደለም።

• ወደ ገንዳው የሚያወጣውን በር ሁልጊዜ ቆልፉ፤ ቁልፉንም ከፍ ባለ ቦታ ስቀሉ።
• ከዋና በኋላ ኳስና መጫወቻ ውሃው ላይ አይቅር። ልጁ ተመልሶ የሚሄደው እርሱን ሊያነሣ ነው።
• ልጅ ከዓይናችሁ ቢሰወር ከሁሉ በፊት ገንዳውን እዩ፤ መኝታ ቤቱንና ቁም ሣጥኑን በኋላ ትፈልጋላችሁ።
• በክረምቱ ወራት ግማሽ ውሃ ቀርቶበት አረንጓዴ የሆነ ገንዳም ያው ያሰጥማል፤ እንዲያውም የወደቀ ልጅ በውስጡ አይታይም።
• የመሬት ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያውን፣ «ኸዛን» የሚሉትን፣ ክዳኑ ተከፍቶ ካያችሁ ዝጉ ወይም ወዲያው ተናገሩ። ውሃ የሞላ ባልዲም ሕፃን ካለበት ቤት ወለል ላይ አይደር።

በእስትራሃ ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል

ቤተሰቡ ለዓርብና ቅዳሜ ከከተማው ዳር ወዳለ እስትራሃ ሲሄድ ቦታው ለሁሉም አዲስ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፤ ልጆቹ ይበዛሉ። ሰው ሲበዛ ጥበቃውም የሚጨምር ይመስላል፤ ነገር ግን እናት ሠራተኛዋ፣ ሠራተኛዋ አክስትየዋ እያየች ነው ብለው ያስባሉ፤ በመጨረሻም ማንም አያይም። ስለዚህ ልጅ ስትቀበሉም ስታስረክቡም በአፍ ተናገሩ። ማን እንደሚጠብቅ በስም ይታወቅ። የሚጠብቀው ሰው ስልክ አይነካ፣ ሌላ ሥራም አይሥራ። ወጥ ቤት ሆኖ ገንዳ መጠበቅ አይቻልም።

ለማዳም እንዴት ይነገራል?

መዋኘት የማትችሉ ከሆነ ገና ከጅምሩ ተናገሩ፤ የሚያሳፍር አይደለም። «ማማ፣ አና ማ አዕሪፍ አስባሕ» ማለት «መዋኘት አልችልም» ማለት ነው። ከዚያም «ላዚም ነሰክር ባብ አል መስባሕ»፣ «የገንዳውን በር መዝጋት አለብን» በሉ። ቤቱን የምትነቅፉ ሳይሆን ስለ ልጆቹ የምታስቡ መሆናችሁ እንዲሰማት አድርጉ። እናት ስለ ልጇ ሲነገራት መስማቷ አይቀርም። ዛሬ ባትሰማም ሌላ ቀን፣ ባባ ባለበት፣ በትሕትና መድገም ይቻላል።

ልጅ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ

እዚህ ላይ የእናንተም ሕይወት አለበት። መዋኘት የማይችል ሰው ወደ ጥልቅ ውሃ ቢዘል ሁለት ሰው ይሞታል። ስለዚህ የገንዳው ጥልቅና ጥልቅ ያልሆነ ጎን የት እንደሆነ ዛሬውኑ በማጽጃው ዘንግ ለክታችሁ እወቁ። አደጋ ሲደርስ፦

• ጮኻችሁ ሰው ጥሩ።
• በደረታችሁ ተኝታችሁ የማጽጃውን ዘንግ አቀብሉ፤ ወይም ዓባያችሁን፣ ፎጣችሁን ወርውሩለት። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካንም ይንሳፈፋል።
• ውሃው ከደረታችሁ የማያልፍ ከሆነ ብቻ ዳሩን ይዛችሁ ግቡ።
• በሪያድ 911 ወይም ቀይ ጨረቃን በ997 ደውሉ። «ጢፍል ጣሕ ፊል መስባሕ» በሉ፤ «ሕፃን ገንዳ ውስጥ ወደቀ» ማለት ነው። የሰፈሩን ስም አስቀድማችሁ አጥኑ።
• ልጁ ካልተነፈሰ ተዘቅዝቆ አይያዝ፤ ሆዱም አይጨመቅ። በጀርባው አስተኝታችሁ አገጩን ቀና አድርጉና 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። ካልነቃ የደረቱን መሐል 30 ጊዜ በፍጥነት ተጫኑ፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ ስጡ፤ እርዳታ እስኪደርስ ይህንኑ ደጋግሙ።
• ነቅቶ ቢያለቅስም ሐኪም ሳያየው አይቅር።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ወጥታችሁ የገንዳውን በር አንድ ጊዜ ተመልከቱ። በራሱ ይዘጋልን? መቀርቀሪያው ከልጁ እጅ በላይ ነውን? አጠገቡ ወንበር አለን? ወንበሩን ማንሣት ምንም ወጪ የለውም። ያነበባችሁትንም ለጎረቤት እኅታችሁ ንገሯት።

በሰላም ሠርታችሁ በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ። ቸር ሰንብቱ።