ሁለት ኬብል በአንድ ቦይ

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲቆፍር፣ አራዳ ከአስፋልት ስር ለዓመታት የከተተችው ጓዝ ሁሉ ለዓይን ወጣ። የውሃ ቧንቧው፣ የመብራት ገመዱ፣ የድሮው የመዳብ ስልክ መስመር፤ ከሁሉም ስሱ ደግሞ ፋይበሩ።

የፋይበር ጥቁር ሽፋን ሲላጥ የሚገኘው የመስታወት ክር 125 ማይክሮን ይወፍራል፤ ብርሃን የሚያልፍበት እምብርቱ 9 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። በዚያች ውስጥ በርካታ የብርሃን ሞገዶች ሳይደባለቁ አብረው ስለሚጓዙ አንድ ጥንድ ክር በሰከንድ ብዙ ቴራቢት ይሸከማል። የኤክስካቫተር ጥርስ ከነካው ታዲያ የሚጠፋው የአንድ ሰፈር ኔትወርክ ብቻ አይደለም። የባንክ ሲስተሙም ኤቲኤሙም አብረው ይቆማሉ።

ጥገናው ትዕግሥት ይፈልጋል። ቴክኒሻኑ ከጣቢያው ሆኖ ኦቲዲአር በሚባል መሣሪያ የብርሃን ምት ይልካል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ነጸብራቁ በ10 ማይክሮሰከንድ ከተመለሰ ክሩ የተበጠሰው 1 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ቦታው ሲደርስ ክሩን ልጦ በአልኮል ይጠርጋል፣ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ ብርቱካናማውን ከብርቱካናማ ያገጥማል፤ ስፕላይሰሩም በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ ያጣብቃቸዋል። ኬብሉ ባለ 96 ክር ከሆነ፣ 96 ጊዜ።

ይህ እስኪያልቅ ደንበኛ ስለማይጠብቅ ጣቢያዎች በቀለበት ይያያዛሉ። ለምሳሌ ከፒያሳ አራት ኪሎ የሚሄደው መስመር በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ቢቋረጥ፣ በስድስት ኪሎ ዞሮ ይገባል ማለት ነው። መሣሪያው የብርሃኑን መጥፋት አይቶ መስመር እንዲቀይር የተለመደው ልክ 50 ሚሊሰከንድ ነው፤ ስልክ የሚያወራ ሰው ልብ አይለውም።

ዋናውና ተጠባባቂው መስመር በአንድ ቦይ ከተቀበሩ ግን በካርታው ላይ ሁለት ቢሆኑም ለኤክስካቫተሩ አንድ ናቸው። አሁን በየመንገዱ ዳር የሚሠራው የጋራ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ አስፋልት ደጋግሞ መቆፈርን ያስቀራል፤ እሰየው ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ተጠባባቂውም እዚያው እንዳይከተት ነው።

ከከተማ ሲወጣም ነገሩ ያው ነው። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የካቲት፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮም፣ ኢአይጂ እና ኤኤኢ-1 የተባሉት ኬብሎች ተቆረጡ። ሦስቱም ጅቡቲን የሚነኩ ናቸው። የባሕር በር የሌላት አገር ጅቡቲ ላይ የፈለገችውን ያህል መስመር ብትይዝ፣ ሁሉም በአንድ ባሕር የሚወጡ ከሆነ ተጠባባቂ አላት ለማለት ይከብዳል። በሞያሌ ወደ ኬንያ የሚወርደው መስመር ነው ሌላ መንገድ የሚባለው።