«ኤሌክትሪኩን ግዙላቸው»፦ የደከመ እጅና የቆርቆሮ መክፈቻ

እጃቸው ለደከመ እናት ምን ዓይነት የቆርቆሮ መክፈቻ ይሻላል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሳይታሰብበት ይወጣል፦ «ኤሌክትሪኩን ግዙላቸው»። ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ ራሱ ይዞራል፣ ራሱ ይቆርጣል። ይህን የሚሉት ውጭ አገር ያሉ ልጆች ናቸው፣ የቤት ዕቃ ነጋዴዎች ናቸው፣ ስልክ ላይ አጫጭር ቪዲዮ የሚለቁ ወጣቶች ናቸው። ሁሉም በጤነኛ እጅ ሞክረው ነው የሚናገሩት።

በሰፈራችን አንዲት ጡረተኛ አሉ። የአውራ ጣታቸው ሥር ያብጣል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸው አልታዘዝ ይሏቸዋል። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ መክፈት እንዳቃታቸው አሜሪካ ያለው ልጃቸው ሲሰማ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ የኤሌክትሪክ መክፈቻ በሰው ላከላቸው። ዕቃው የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ አዲስ አበባ ሶኬት ውስጥ ያለው 220 ነው። የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የሚያስማማ አዳፕተር ተገዝቶ ተሰካ። ጥቂት ጮኸ፣ ሸተተ፣ ጨሰ፣ ሞተ። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍኩ። አዲሱ መጣ ተብሎ የድሮው የእጅ መክፈቻ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበርና እሳቸው ወደ ቢላዋ ተመለሱ። ቢላዋው ከክዳኑ ላይ ተንሸራቶ መዳፋቸው ውስጥ ገባ። ቁስሉ ተሰፍቶ ድኗል፤ ጅማት ስለተነካ ግን አንዱ ጣታቸው እስከ ዛሬ እንደ ድሮው አይታጠፍም።

ልጁ ምን ያድርግ፣ የተባለውን ነው የሰማው። እኔን የሚያናድዱኝ «ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» እያሉ የሚያወሩት ናቸው።

መጀመሪያ የቮልቱን ጉዳይ እንጨርሰው። ከዱባይ ወይም ከፍራንክፈርት የመጣ ዕቃ በቮልት በኩል ከእኛ መብራት ጋር ይስማማል፤ ቢበዛ የሶኬቱ ቅርጽ ነው የሚለያየው። ከዋሽንግተን ወይም ከቶሮንቶ የመጣ አይስማማም። ዕቃው ሥር የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ነው፤ «ከ100 እስከ 240» የሚል ካልተጻፈበትና 120 ብቻ ካለ፣ አዳፕተር አያድነውም፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመክፈቻው ይከብዳል። ለደከመ እጅ ተብሎ የሚታቀፍ ብረት መግዛት ምን ይባላል?

ቮልቱ ቢስማማም ግን ነገሩ አይፈታም። ጠረጴዛ ላይ የሚቆመውን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ዓይነት አስቡት። ቆርቆሮውን በአንድ እጅ ብድግ አድርጎ ጠርዙን ከመቁረጫው ጥርስ ሥር በትክክል ማስገባት ያስፈልጋል፤ በሌላው እጅ ማንሻውን ወደ ታች መጫን፤ ሞተሩ እስኪይዘው ድረስም ቆርቆሮውን አለመልቀቅ። 800 ግራም ምግብ የያዘ ቆርቆሮ ከነብረቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። አንድ ኪሎ በጣት ጨብጦ አየር ላይ ማቆየት የሚችል እጅ መጀመሪያውኑ ያን ያህል አልደከመም። በቪዲዮው ላይ ይህ ክፍል አይታይም። የሚታየው ቆርቆሮው ከገባ በኋላ እየዞረ ያለው ነው፣ ከጀርባው ሙዚቃ ያለው።

እምነቱ ከባዶ አልተነሣም፤ እንዲያውም ግማሹ እውነት ነው። በእጅ መክፈቻ ሥራ ውስጥ ብዙውን ሰው የሚያሸንፈው ማዞሩ ነው። የተለመደው መክፈቻ ጎኑ ላይ ትንሽ ባለ ሁለት ክንፍ ማዞሪያ አለችው፤ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጫፍ ቆንጥጠው ነው የሚያዞሯት። መቆንጠጥ ደግሞ ለአውራ ጣት ሥር ከባድ ጭነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ ጥናት ባሰላው መሠረት፣ በጣት ጫፍ 1 ኪሎ ያህል ሲቆነጠጥ አውራ ጣት ከእጅ አንጓ ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ 12 ኪሎ ያህል ይሸከማል። እዚያ ቦታ ላይ ልስላሴው ያለቀ መገጣጠሚያ ያለው ሰው ለምን ፊቱ እንደሚኮሳተር ይህ ይነግረናል። ስለዚህ ማዞሩን ሞተር ቢወስደው እፎይታ ነው። ስህተቱ፣ ማዞር ሲወገድ ሥራው ሁሉ የተወገደ መምሰሉ ነው።

ቆርቆሮ መክፈት አንድ ሥራ አይደለም። ቆርቆሮው እንዳይሄድ መያዝ አለ። መክፈቻውን ጠርዙ ላይ አጥብቆ ማስነከስ አለ። መብሳት አለ፣ ማዞር አለ፣ የተቆረጠውን ክዳን ማንሳት አለ። «ደካማ እጅ» የሚባለውም አንድ አይደለም። አርትራይተስ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቅተው መቆንጠጥና መጠምዘዝ ነው። ስትሮክ አንድ ጎኑን የያዘበት ሰው የቀረችው እጁ ጠንካራ ልትሆን ትችላለች፤ የጎደለው ቆርቆሮውን የሚይዝለት ሁለተኛ እጅ ነው። በእጅ አንጓ ላይ ነርቭ የተጫነበት ሰው ጣቱ ይደነዝዛል፤ የያዘው ዕቃ ሳያውቀው ይወድቃል፣ ስለት ሲነካውም ቶሎ አይሰማውም። ፓርኪንሰን ያለበት ጉልበት ኖሮትም ጠርዙን ከመቁረጫው ጋር ማገናኘት ያስቸግረዋል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዕቃ መምከር፣ ዓይን ላመመው ሁሉ አንድ መነጽር እንደ ማደል ነው።

እንግዲህ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት «የትኛው ላይ ነው የሚያቆምዎት?» ነው። እናት ወይም አባት ሲከፍቱ አጠገባቸው ቆማችሁ እዩ እንጂ በስልክ አትወስኑ። በስልክ ከጠየቃችኋቸው «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩ» ነው መልሱ።

መቆንጠጥና ማዞር ለሚያቅተው ሞተር የሌለው መፍትሔም አለ። ማዞሪያው ረጅም የሆነ የእጅ መክፈቻ ይፈለግ፤ ማዞሪያው በእጥፍ ሲረዝም የሚያስፈልገው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፣ በጣት ጫፍ መቆንጠጡም ቀርቶ በሙሉ መዳፍ መግፋት ይቻላል። ከዚያ ይልቅ ግን የምወደው፣ ጠርዙን አንዴ ከነከሰ በኋላ ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት ነው። ተራው መክፈቻ ክዳኑ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱን እጀታዎች ጨብጦ መያዝ ይጠይቃል፤ ራሱን የሚቆልፈው ሲቆለፍ እጅ እፎይ ይላል፣ መሀል ላይ አርፎ መቀጠልም ይቻላል። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከኤሌክትሪኩ ያንሳል። ለምን እንደማይወራለት ግልጽ ነው፤ ቪዲዮ ላይ አያምርም።

አንድ እጅ ብቻ ለሚሠራለት ሰው ደግሞ ያው የተሰደበው ኤሌክትሪክ ይመለሳል፤ ግን ሌላኛው ዓይነት። ቆርቆሮው አናት ላይ ቁጭ ብሎ ጠርዙን እየዞረ የሚቆርጥ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አለ። ቆርቆሮው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ስለሚሠራ የሚነሣ ነገር የለም፣ ቮልትም አይጨነቅበትም። እንከን አለው። ድንጋዩ ሲደክም መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፤ የድንጋዩ መክደኛ ለመክፈት ጥፍር የሚጠይቅም አለ፤ ቁልፉ ደረቅ የሆነም ገጥሞኛል። ድንጋዩን የሚቀይርላቸው ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ከሳጥን ጌጥነት አያልፍም። የእጅ መክፈቻ ከተመረጠ ደግሞ ቆርቆሮውን ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ ማስቀመጥ ከመንሸራተት ይይዘዋል። መሳቢያ ውስጥ አቁሞ መሳቢያውን በዳሌ ገፋ አድርጎ ማጣበቅም ሁለተኛ እጅ ይሆናል።

ጣቱ ለሚደነዝዝ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ስለት ነው። ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ የክዳኑን ስፌት የሚቆርጥ መክፈቻ አለ፤ በዚህ የተከፈተ ክዳን ጠርዙ ያን ያህል አይቆርጥም፣ ምግቡ ውስጥም አይወድቅም። ነገር ግን ከጎን የሚቆርጡ የእጅ መክፈቻዎች ትክክለኛ ቦታቸውን ለማግኘት ልምድ ይጠይቃሉ፣ ማዞሪያቸውም አንዳንዴ ጠንከር ይላል። ለሚንቀጠቀጥ እጅ የቱ እንደሚሻል ከሰው ሰው ይለያያል፤ እዚያ ላይ ደፍሮ አንድ ዕቃ የሚመክርን አልሰማም፣ ራሴም አልመክርም።

አሁን ስለ ቢላዋው። «አባቶቻችን በቢላና በድንጋይ ሲከፍቱ ኖረዋል» የሚለውን ኩራት ሰምቼ ታክቶኛል። እንግሊዞችም ከፍተዋል። ፒተር ዱራንድ የቆርቆሮ ምግብን የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1810 ነው፤ አሜሪካዊው ኤዝራ ዋርነር መክፈቻውን ያስመዘገበው በ1858 ነው። በመካከል ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሰዉ በመሮና በመዶሻ ነበር የሚከፍተው። አማራጭ ስላልነበረው ነው እንጂ ጥሩ ስለሆነ አይደለም። ለደከመ እጅ ደግሞ ቢላ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጨብጦ መምታትን፣ መጫንን፣ አቅጣጫ መጠበቅን በአንድ ጊዜ ይጠይቃልና።

የቀሩት በአጭሩ።

«ቀለበት ያለውን ግዙ፣ መክፈቻም አያሻ»። ቀለበት ያለው ቆርቆሮ ጥፍር ያለው ነው የሚፈልገው። ቀለበቷን ከክዳኑ ማላቀቅ አንድ ትግል ነው፣ ክዳኑ መጀመሪያ እስኪሰበር መሳብ ሌላ። የማንኪያ እጀታ ከቀለበቷ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ማንሳት ብዙውን ያቀልላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የክዳኑ ጠርዝ ግን ከቢላ አይተናነስም።

«እጀታው በወፈረ ቁጥር ይሻላል»። የዚህ እምነት አባት ሳም ፋርበር ነው ቢባል ያስኬዳል። ሚስቱ አርትራይተስ ነበረባት፤ የአትክልት መላጫ ስትይዝ ሲያማት አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ወፍራም የጎማ እጀታ ያላቸውን የኦክሶ የወጥ ቤት ዕቃዎች ገበያ አወጣ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ቀጭን እጀታ ጣትን አጥብቆ መጨበጥ ያስገድዳል። ነገር ግን እጅዋ ትንሽ ለሆነች ሴት በጣም የወፈረ እጀታ መዳፍ ውስጥ አይገባም፤ ጣቶቿ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ቤት ባለው መክፈቻ እጀታ ላይ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጦ መጠቅለል፣ እስኪመች ድረስ ማወፈር፣ አንድ ብር ሳያስወጣ ይሠራል።

«እጅ የሚጠነክረው ሲታገል ነው፤ ካልሠሩበት ይሞታል»። እጅን ማንቀሳቀስ ይጠቅማል፤ ይህን ፊዚዮቴራፒስት ቢጠየቅም ይላል። ባበጠ መገጣጠሚያ ቆርቆሮ መታገል ግን ስፖርት አይደለም። እናታቸውን «ይለማመዱ እንጂ» እያሉ መክፈቻ የማይገዙ ልጆች አውቃለሁ፤ መለማመጃው ለስላሳ ኳስ መጭመቅም ሊሆን ይችል ነበር።

«ከተከፈተ ቆርቆሮ ውስጥ ያደረ ምግብ መርዝ ነው»። በአንድ ሌሊት መርዝ አይሆንም። ግን አየር ሲገባ እንደ ቲማቲም ያለ ጎምዛዛ ምግብ ከብረቱ እያሟሟ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ከፍሪጅ ውጭ ካደረ ደግሞ ማንኛውም ምግብ ይበላሻል። ይህን የማነሣው ምክንያት አለኝ፦ መክፈት የሚከብደው ሰው አንዴ የከፈተውን ለብዙ ቀን ማቆየት ይወዳል። ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ይበቃል፤ ትንንሽ ቆርቆሮ ወይም በላስቲክ የታሸገ ድልህ መግዛትም ይቻላል። ቆርቆሮው ያበጠ ከሆነ ግን ሳይቀመስ ይጣል።

መክፈቻ ልትገዙ ስትሄዱ፣ መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ፣ አንድ ሙሉ ቆርቆሮ በቦርሳ ይዛችሁ፣ የሚከፍቱትን ሰው አስከትላችሁ ሂዱ። እሳቸው ራሳቸው ይሞክሩት፤ እናንተ አትንኩት። ራሱን የሚቆልፍ ነው የተባለው በእርግጥ ይቆለፍ እንደሆን፣ ማዞሪያው በመዳፍ ይገፋ እንደሆን፣ ሲያወልቁት ጉልበት ይፈልግ እንደሆን እዚያው ይታያል። የመቁረጫ ጥርሱ የዛገ ወይም ሲዞር የሚነቀነቅ ከሆነ አትግዙት፤ የደነዘዘ መክፈቻ ለጤነኛ እጅም ከባድ ነው። ባለሱቁ ይስቃል፣ ይሳቅ። አላስሞክርም ካለም ሱቅ ሞልቷል።