የትግል መድረክ አውራ ማን ነው?

ሁለት የኳስ ወዳጆች በተገናኙበት ስፍራ «ማን ይበልጣል?» የሚል ክርክር እንደማይጠፋ ሁሉ፣ ሬስሊንግ የሚባለውን የመድረክ ትግል የሚወዱ ሰዎችም በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ የማያረጅ ጥያቄ ያነሣሉ። ይኸውም ከጥንት እስከ ዛሬ ከተነሡት ታጋዮች መካከል ዋናው ኮከብ፣ የመድረኩ አውራ፣ ማን ነው የሚለው ነው። አንዱ ሀልክ ሆገን ነው ይላል። ሌላው የለም፣ ስቲቭ ኦስቲን ነው ብሎ ይሟገታል። ዕድሜው ገፋ ያለው ደግሞ ሁለቱንም በፈገግታ ካዳመጠ በኋላ «ብሩኖ ሳማርቲኖን ሳታዩ ምኑን አያችሁት?» ብሎ ክርክሩን ይዘጋዋል። እኛም ዛሬ ይህንኑ ክርክር በጥቂቱ ለመመርመር አስበናል። ዓመታቱን ሁሉ የጠቀስነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ነገሩን የሚያከብደው ምክንያት አለ። በሩጫ ቢሆን ሰዓት ይፈርዳል፤ በቦክስ ቢሆን ዳኛ ነጥብ ይቆጥራል። በሬስሊንግ ግን አሸናፊው የሚታወቀው ግጥሚያው ሳይጀመር፣ በአዘጋጁ ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ለብዙ ዘመን በባለሙያዎቹ ዘንድ ተሰውሮ የኖረ ምሥጢር ነበር። በ1989 ግን ታላቁ የአሜሪካ የሬስሊንግ ኩባንያ ከስፖርት ተቆጣጣሪዎች እጅ ለመውጣት ሲል፣ ሥራው ትርኢት እንጂ ውድድር አለመሆኑን ለኒው ጀርሲ ሸንጎ ራሱ አስታወቀ። እንግዲህ «እገሌ ይህን ያህል ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖአል» እያሉ ቀበቶ መቁጠር ብዙ አያራምድም። ቀበቶው ሹመት ነው፤ ሹመት ደግሞ ከላይ የሚሰጥ ነው።

ታዲያ ክርክሩ ከንቱ ነውን? አይደለም። አዘጋጁ አሸናፊውን እንደ ፈቀደ ሊመርጥ ይችላል። ነገር ግን አንድን የፋብሪካ ሠራተኛ ማታ ከቤቱ አስወጥቶ፣ በላቡ ካገኘው ገንዘብ ከፍሎ ቲኬት እንዲገዛ ማዘዝ አይችልም። የእውነተኛው ፍርድ ቤት የቲኬቱ መስኮት ነው። ስለዚህ እኛ በሦስት ጥያቄዎች እንመዝናለን። ለታጋዩ ስንት ሰው መጣለት? ለስንት ዘመን መጣለት? የመጣውስ ለእርሱ ነው ወይስ ለጊዜው ግርግር?

በመጀመሪያው ጥያቄ ቢሆን የቀድሞዎቹም ቀላል አይደሉም። በ1911 አሜሪካዊው ፍራንክ ጎች ከሩሲያ ግዛት ከመጣው ከጆርጅ ሃከንሽሚት ጋር በቺካጎ ሲገጥም 30,000 የሚያህል ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ከግሪክ አገር በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ጂም ሎንዶስ ደግሞ ቁመቱ አጠር ያለ፣ መልኩ ያማረ ሰው ነበር። በ1934 አሜሪካ በሥራ ማጣትና በችግር ተይዛ ሳለች፣ እርሱ በዚያው በቺካጎ ከኤድ ሉዊስ ጋር ባደረገው ግጥሚያ 35,265 ሰው ከፍሎ ገባ፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ 96,302 ዶላር ነበር። ሰው የዳቦ ገንዘብ በቸገረው ዘመን ይህን ያህል ሕዝብ መሳብ ተራ ነገር አይደለም።

ከአሜሪካ ውጪም ብንመለከት ገናናዎች አሉ። በጃፓን ሪኪዶዛን የሚባለው ታጋይ፣ አገሩ በጦርነት ተሸንፋ አንገቷን በደፋችበት ጊዜ ግዙፎቹን አሜሪካውያን በእጁ እየመታ ሲጥል ሕዝቡ በየአደባባዩ በተተከለው ቴሌቪዥን ፊት ይጨናነቅ ነበር። በግንቦት ወር 1963 ያደረገውን አንድ ግጥሚያ ቴሌቪዥን ካላቸው ቤቶች ከመቶ 64 እጅ እንደ ተመለከቱት ተመዝግቧል። የሚያስገርመው ግን ይህ የጃፓን ጀግና በትውልዱ ኮሪያዊ ነበር፤ ይህንንም ሕዝቡ በሕይወቱ ሳለ አላወቀም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በአንድ የምሽት ክበብ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ከሳምንት በኋላ ሞተ።

በሜክሲኮ ደግሞ ኤል ሳንቶ አለ። ትርጓሜው «ቅዱሱ» ማለት ነው። በ1942 የብር ቀለም ያለው ጭምብል ለብሶ ከመድረክ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ለ40 ዓመት ያህል ታገለ፤ ከ50 በላይ በሆኑ ፊልሞችም ሠራ፤ ፊቱን ግን ለሕዝብ አላሳየም። በ1984 መጀመሪያ ላይ በቴሌቪዥን ጭምብሉን ጥቂት ገለጥ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ፣ በፌብሩዋሪ 5 ቀን፣ አረፈ። የተቀበረውም ከነጭምብሉ ነው።

አሁን ወደ ሀልክ ሆገን እንምጣ። በጃንዋሪ 1984 በኒውዮርክ ቀበቶውን ካገኘ በኋላ ሬስሊንግን ከየክፍለ አገሩ አዳራሽ አውጥቶ የዓለም ንግድ ያደረገው ፊት የእርሱ ፊት ነው። በ1987 ከግዙፉ ከአንድሬ ጋር ሲገጥም 93,173 ሰው ተገኘ ተብሎ ታወጀ፤ ቁጥሩ በዝቷል የሚሉ ቢኖሩም ስታዲየሙ ጢም ብሎ እንደ ነበር የሚክድ የለም። በዓመቱ ሁለቱ በድጋሚ ሲገናኙ 33 ሚሊዮን ያህል አሜሪካዊ በቴሌቪዥን እንደ ተመለከታቸው ተነግሯል። በስፋት ከመዘንን ከሆገን የሚስተካከል ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ከኋላው አዲሱ የኬብል ቴሌቪዥንና አንድ ደፋር ነጋዴ፣ ቪንስ ማክማሆን፣ ነበሩ። ከዚህም በላይ በ2015 ስለ ጥቁሮች የተናገረው አስነዋሪ ቃል በተገለጠ ጊዜ ብዙ ወዳጆቹ አዘኑበት። በጁላይ 2025 በ71 ዓመቱ ሲሞት ሐዘኑና ወቀሳው ተቀላቅሎ ተሰማ።

ስቲቭ ኦስቲንም በ1998 አሠሪውን ፊት ለፊት የሚጋፈጥ ሠራተኛ ሆኖ በመቅረቡ፣ በአለቃው የተማረረ ሁሉ የራሱን ብሶት በእርሱ ላይ አየ። ነበልባሉ ከፍ ያለ ነበር፤ ነገር ግን አንገቱና ጉልበቱ ስለ ተጎዳ በ2003 መድረኩን ተሰናበተ።

የሽማግሌዎቹ ምርጫ ብሩኖ ሳማርቲኖ የተወለደው በ1935 በኢጣልያ ተራራማ ክፍል በፒዞፌራቶ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች መንደሩን በያዙ ጊዜ እናቱ ልጆቿን ይዛ በተራራ ላይ ተደበቀች፤ ምግብም ለማግኘት በሌሊት ወደ መንደሩ እየወረደች ታመጣላቸው ነበር። በ1950 ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፒትስበርግ ሲገባ ከበሽታ ያልዳነ፣ እንግሊዝኛ የማያውቅ፣ በትምህርት ቤት የሚሳለቁበት ከሲታ ልጅ ነበር። ብረት እያነሣ ሰውነቱን ገነባ። በሜይ 17 ቀን 1963 በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተባለው አዳራሽ በዲ ሮጀርስን በ48 ሴኮንድ ጥሎ ሻምፒዮን ሆነ። ቀበቶውንም 7 ዓመት ከ8 ወር ያዘ፤ በኋላ በ1973 ዳግመኛ አግኝቶ እስከ 1977 ቆየ። በጠቅላላው ከ11 ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን ያው የኒውዮርክ ሕዝብ፣ ይበልጡንም እንደ እርሱ ከባሕር ማዶ የመጣው ሠራተኛ፣ በየወሩ ወደዚያው አዳራሽ ይመለስ ነበር። በኤፕሪል 1976 ስታን ሀንሰን የተባለ ታጋይ አንሥቶ ሲጥለው አጣጣሉ ስለ ተበላሸ አንገቱ ተሰበረ። አሸናፊው አስቀድሞ ቢወሰንም አጥንት እውነተኛ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሁለት ወር እንዳለፈው፣ ቲኬቱ አልሸጥ ብሎ የተጨነቀው አዘጋጅ ስለ ለመነው፣ በሺ ስታዲየም ከዚያው ሰው ጋር ገጠመ።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ እውነት አለው። የሳማርቲኖ ግዛት በይበልጥ የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ብቻ ነበር፤ ሆገን የታወቀበት አገር ሁሉ እርሱን አያውቀውም። የመላ ሕዝብ ምልክት ሆኖ ለመኖር ደግሞ ኤል ሳንቶ ይበልጣል።

ሆኖም እኛን ወደ ሳማርቲኖ ያዘነበለን የአንድ ሌሊት ታሪክ ነው። በጃንዋሪ 18 ቀን 1971 ኢቫን ኮሎፍ በዚያው አዳራሽ ሲያሸንፈው ከሕዝቡ ጩኸትም ፉጨትም አልተሰማም፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሳማርቲኖ ጆሮው የተደፈነ መስሎት እንደ ነበር በኋላ ተናግሯል። ከዚያም በየወንበሩ ሰዎች ሲያለቅሱ አየ። እንዲህ ያለውን ዝምታ የትኛውም አዘጋጅ በገንዘብ አይገዛውም፤ በጽሑፍም አዘጋጅቶ አያቀርበውም።

ኋላም ሬስሊንግ ሰውነት በሚያሳብጡ መድኃኒቶች ሲበከል ይህ ሰው በግልጥ ነቀፈ፤ ክብርና ገንዘብ ቢቀርብለትም ለብዙ ዓመት ከኩባንያው ርቆ ኖረ። በ2013 ኩባንያው አሠራሩን ማስተካከሉን ካመነ በኋላ ነው በዚያው በጥንቱ አዳራሽ የክብር ማኅደር ውስጥ ስሙ የገባው። በ2018 ሲያርፍ ስሙ ሳይጎድፍ አረፈ።

የወዳጆቻችን ክርክር በዚህ እንደማይቆም እናውቃለን፤ ባይቆምም ደስ ይለናል። ነገር ግን ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የሚጠብቃችሁ ወጣቶች፣ ዛሬም የተቀመጣችሁበት ሹማምንት፣ ከዚህ የመድረክ ጨዋታ አንድ ቁም ነገር ብትወስዱ መልካም ነው። ቀበቶውን የሚያስታጥቅ ሰው መልሶ ያስፈታዋል። ኮሎፍ ያን ሌሊት ከሳማርቲኖ የወሰደው ቀበቶውን ብቻ ነበር፤ እርሱም ከእጁ የቆየው ለሦስት ሳምንት ነው። ስም ግን፣ አባቶቻችን እንዳሉት፣ ከመቃብር በላይ ይውላል።