ስለ ባትሪ እርጅናና ስለ ሸማች መብት

ሰው በብዙ ድካም ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ የገዛው የእጅ ስልክ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከንጋት እስከ ሌሊት ያለ እንከን ሲያገለግለው ቆይቶ፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዓመት ሲደርስ ግን ከቀትር በፊት ኀይሉ የሚያልቅ፣ ሲነኩት ዘግይቶ የሚመልስ፣ አልፎ አልፎም ገና 30 በመቶ እንደቀረው እያሳየ በድንገት የሚጠፋ ሲሆን፣ በባለቤቱ ልብ ጥርጣሬ መነሣቱ አይቀርም። ይኸውም፣ «ይህ ዕቃ በባሕርዩ አርጅቶ ነውን፣ ወይስ ሌላ እንድገዛ ሠሪው ሆን ብሎ አድክሞት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሞባይል ጥገናው ዘወትር የሚሰማ ነው፤ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ብቻ ይሆናል። ገሚሱ ሰው ነገሩን ሁሉ በኩባንያዎች ተንኮል ያሳብባል፤ ገሚሱም «ዕቃ ነውና ያልቃል» ብሎ ያልፈዋል።

እውነቱ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። የባትሪ ማርጀት የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ማንም በአዋጅ አላመጣውም፣ ማንም እስከ ዛሬ ሊሽረው አልቻለም። እርጅናውን ከገዢው መሰወር ግን የሰው ሥራ ነው፤ የሰው ሥራም በመሆኑ በፍትሕ ፊት ይጠየቃል። ይህን ልዩነት አጥርቶ ለማየት፣ አስቀድሞ በባትሪው ውስጥ የሚሆነውን፣ ቀጥሎም በገበያው ውስጥ የሆነውን መመርመር ይገባል።

በዛሬዎቹ ስልኮችና ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ባትሪ ሊቲየም አዮን የተባለው ነው። ይህ ጥበብ የአንድ ሊቅ ብቻ ፍሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም በኤክሰን ኩባንያ ቤተ ሙከራ መሠረቱን ጣለ፤ በ1980 ጆን ጉድኢናፍ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የሊቲየምና የኮባልት ውሁድ የሆነ ንጥረ ነገር ከፍ ያለ ቮልት ሊሰጥ እንደሚችል አሳየ፤ በ1985 ደግሞ ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ፣ በቀላሉ እሳት የሚያስነሣውን ንጹሕ የሊቲየም ብረት አስወግዶ በካርቦን በመተካት፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚበቃውን ባትሪ ሠራ። የሶኒ ኩባንያ በ1991 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ዓለምን የሞላው ይህ ባትሪ፣ ሦስቱን ጠበብት በ2019 ለኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አብቅቷቸዋል፤ በዚያን ጊዜ ጉድኢናፍ የ97 ዓመት አረጋዊ ነበር።

የባትሪው አሠራር ሲታይ ምስጢሩ ረቂቅ ቢሆንም ሥርዓቱ ቀላል ነው። በአንድ በኩል ከግራፋይት የተሠራ አሉታዊ ዋልታ፣ በሌላው በኩል ከሊቲየምና ከኮባልት ወይም ይህን ከመሰለ ውሁድ የተሠራ አዎንታዊ ዋልታ አለ፤ በመካከላቸውም ኤሌክትሮላይት የተባለው ፈሳሽና ሁለቱ ዋልታዎች እንዳይነካኩ የሚከላከል፣ ነገር ግን በረቂቅ ቀዳዳዎቹ የሚያሳልፍ ስስ መጋረጃ ይገኛል። ስልኩ ቻርጅ ሲደረግ፣ አዮን የተባሉት ኤሌክትሪክ ያዘሉ የሊቲየም ቅንጣቶች ከአዎንታዊው ዋልታ ተነሥተው፣ ፈሳሹን ተሻግረው፣ በግራፋይቱ ንብርብር መካከል ገብተው ያድራሉ። ስልኩ ሲሠራ ደግሞ ወደ መጡበት ይመለሳሉ፤ እነርሱ በውስጥ ሲሻገሩ ኤሌክትሮኖች በውጭው ሽቦ ይዞራሉ፤ ለስልኩ ብርሃንን፣ ድምፅንና ስሌትን የሚሰጠውም ይኸው የኤሌክትሮኖች ዙረት ነው።

እርጅናው የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቻርጅ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም። ፈሳሹ ከግራፋይቱ ገጽ ጋር ሲገናኝ በከፊል ይፈርስና በዚያው ገጽ ላይ እጅግ የሳሳ ቆዳ ያበጃል። ይህ ቆዳ ጠቃሚ ነው፤ ፈሳሹ ፈጽሞ ፈርሶ እንዳያልቅ የሚከላከለው፣ ሊቲየሙን ግን እንዲያልፍ የሚፈቅደው እርሱ ነውና፣ ያለ እርሱ ባትሪው ብዙ ቀን ባላደረ ነበር። ሆኖም ቆዳው የሚሠራው ከራሱ ከሊቲየሙ ነው፤ በዚያ ተይዞ የቀረውም ሊቲየም ወደ አገልግሎቱ አይመለስም። ከዚህም ሌላ፣ ግራፋይቱ ሊቲየም ሲገባበት ጥቂት ያብጣል፣ ሲወጣበትም ይኮማተራል፤ በዚህ መመላለስ ረቂቅ ስንጥቆች ይፈጠራሉ፤ በየስንጥቁም አዲስ ገጽ ይገለጣል፤ በአዲሱም ገጽ ላይ አዲስ ቆዳ ይበቅላል። እንግዲህ ባትሪውን ለዓመታት በሕይወት የሚያቆየው ነገር ራሱ፣ በዝግታ የሚያሳጥረውም ነው። ሙቀት ይህን ሁሉ ያፋጥናል፤ በመደርደሪያ ላይ ያለ ሥራ የተቀመጠ ባትሪም እንኳ ያረጃል።

ከዚህ የሚከተለው ድካም ሁለት ዓይነት ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው የመያዝ ችሎታው ማነሱ ነው፤ ይህን ባለቤቱ ቻርጁ ቶሎ ሲያልቅ ያየዋል። ሁለተኛው ግን ስውር ነው፤ ይኸውም የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ መጨመሩ ነው። አንገቱ የጠበበ እንስራ ውሃው ገና በሆዱ ሞልቶ ሳለ በአንድ ጊዜ ብዙ ሊያፈስ እንደማይችል ሁሉ፣ ያረጀ ባትሪም በውስጡ የቀረው ኀይል ጥቂት ባይሆንም፣ ስልኩ በድንገት ብዙ ሲጠይቀው ሊያደርስለት አይችልም። ሲሞላ ወደ 4.2 ቮልት ገደማ የሚደርሰው ግፊት፣ የስልኩ አንጎል ከባድ ሥራ በጀመረባት ቅጽበት ከሚያስፈልገው መጠን በታች ይወርዳል፤ መሣሪያውም ራሱን ለመጠበቅ ሲል ይጠፋል። ብርድ ሲሆን ይህ ይብሳል። ባትሪው 30 በመቶ እያሳየ ስልኩ የሚጠፋበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ቁጥሩ የቀረውን ኀይል እንጂ፣ ኀይሉ የሚወጣበትን ፍጥነት አይናገርምና።

እዚህ ላይ የተፈጥሮው ነገር አብቅቶ የሰው ነገር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 6ኤስ የያዙ ብዙ ሰዎች ስልካቸው በድንገት እየጠፋ መቸገራቸውን ተናገሩ። የአፕል ኩባንያም በጥር 2017 ባወጣው የሶፍትዌር ማሻሻያ መፍትሔ አበጀ፤ መፍትሔውም ባትሪው የደከመ እንደ ሆነ የስልኩን ከፍተኛ ፍጥነት ቀንሶ፣ ድንገተኛውን ጥያቄ ማለዘብ ነበር። ይህ በምህንድስና ዓይን ሲታይ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ሰው ለአምቡላንስ በሚደውልበት ሰዓት ከሚጠፋ ስልክ፣ ዝግ ብሎም ቢሆን የሚሠራ ስልክ ይሻላልና። ጥፋቱ የነበረው በዝምታው ላይ ነው። ስልኩ መንቀራፈፉን ያየ ባለቤት ምክንያቱ ባትሪው ብቻ መሆኑ በግልጥ ስላልተነገረው፣ ስልኩ በሙሉ አበቃለት ብሎ ሊደመድም ይችል ነበር፤ በ79 ዶላር ባትሪ ሊታደስ የሚችለውንም ዕቃ ጥሎ፣ በብዙ መቶ ዶላር አዲስ ሊገዛ ይችል ነበር።

በታኅሣሥ 2017 የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ሠሪ የሆነው ጆን ፑል፣ ከብዙ ስልኮች የተሰበሰበውን ልኬት በሥዕል አስቀምጦ፣ የፍጥነቱ መቀነስ ከሶፍትዌሩ ማሻሻያ ጋር አብሮ መምጣቱን ለሕዝብ ገለጠ። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ነገሩን አመነ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ይቅርታ ጠየቀ፤ የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በመጋቢት 2018ም የባትሪውን ጤንነት ለባለቤቱ የሚያሳይ ገጽ በስልኩ ውስጥ አስገባ። የኢጣልያ የውድድር ባለሥልጣን በጥቅምት 2018 በአፕል ላይ 10 ሚሊዮን፣ በሶፍትዌር ማሻሻያ በተነሣ ተመሳሳይ ጉዳይም በሳምሰንግ ላይ 5 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ። ፈረንሳይ በየካቲት 2020 በአፕል ላይ 25 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ወሰነች። በአሜሪካም ኩባንያው ጥፋተኛነቱን ሳያምን ለጋራ ክስ ስምምነት እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር፣ ቀጥሎም ለልዩ ልዩ ግዛቶች 113 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከእነዚህ ሁሉ ለትምህርት የሚበቃው የፈረንሳዩ ውሳኔ ነው፤ ኩባንያው የተቀጣው ባትሪው ስላረጀ አይደለም፣ ማሻሻያው ስልኩን ሊያዘገየው እንደሚችል ለሸማቹ ባለመንገሩ ነው እንጂ።

የማወቅ መብት ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 1962 ለአሜሪካ ምክር ቤት ባስተላለፉት መልእክት፣ ሸማች ከአደጋ የመጠበቅ፣ የማወቅ፣ የመምረጥና የመሰማት መብት እንዳለው አስታወቁ፤ ቀኑም ዛሬ የዓለም የሸማቾች መብት ቀን ሆኖ ይከበራል። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በዕቃው ላይ ጉድለት ያገኘ እንደ ሆነም በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ይህን መብት በእጅ ለመያዝ ደረሰኝ መቀበልና ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ያለ ደረሰኝ የቀረበ አቤቱታ ምስክር የሌለው ክርክር ነው።

ይህ ነገር በእኛ ዘንድ ከሌላው አገር ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ከዱባይ፣ ከሪያድ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ ይዞት የሚመጣው፣ በየሱቁም የሚሸጠው ስልክ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ነው። መስተዋቱ ቢወለወል፣ ሽፋኑ ቢለወጥ አዲስ ይመስላል፤ እውነተኛ ዕድሜውን የሚናገረው ግን ከውስጥ ያለው ባትሪ ነው። ስለዚህ ያገለገለ አይፎን የሚገዛ ሰው በሴቲንግ ውስጥ የባትሪውን ጤንነት ከፍቶ ማየት ይገባዋል፤ ከአይፎን 15 ወዲህ ባሉት ስልኮች ባትሪው የተሠራበት ጊዜና የቻርጅ ዙሩ ቁጥር ጭምር ተጽፎ ይገኛል። አንድ ዙር ማለት በጠቅላላው መቶ በመቶ ኀይል ማውጣት ሲሆን፣ ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን የተጠቀመ ሰው በሁለት ቀን አንድ ዙር ፈጸመ ማለት ነው። እንደ አምራቹ ቃል፣ እስከ አይፎን 14 ያሉት ከ500 ዙር በኋላ፣ አይፎን 15 ደግሞ ከ1000 ዙር በኋላ 80 በመቶ ችሎታቸውን እንዲይዙ ተደርገው ተሠርተዋል።

ስለ አያያዙም ከአሮጌው ዘመን የተወረሱ አንዳንድ ልማዶች ሊታረሙ ይገባል። አዲስ ስልክ ከመከፈቱ በፊት ለ8 ሰዓት ቻርጅ ይደረግ፣ ባትሪውም ፈጽሞ ሳያልቅ አይሰካ የሚለው ምክር፣ በኒኬልና በካድሚየም ይሠሩ ለነበሩት ባትሪዎች የሚስማማ እንጂ ለሊቲየም አይሠራም። ሊቲየም የሚጎዳው ፈጽሞ ሲራቆትና ለረጅም ጊዜ ጢም ብሎ ሞልቶ ሲቀመጥ፣ ይልቁንም ሙቀት ሲጨመርበት ነው። ስለዚህ በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ አለመተው፣ በትራስ ሥር ሸፍኖ ቻርጅ አለማድረግ፣ ብዙ ቀን የሚቀመጠውንም በግማሽ ሞልቶ ማኖር ይበጃል። ባትሪው አብጦ የስልኩን ጀርባ ሲገፋ የታየ እንደ ሆነ ግን፣ ሳይወጉትና ሳይጫኑት፣ ቻርጅም ሳያደርጉት ወዲያው ወደ ባለሙያ መውሰድ ነው፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነውና።

የማወቅ መብት ግን ብቻውን ምሉዕ አይደለም። ባትሪው እንደ ደከመ የተነገረው ሰው፣ ባትሪው በሙጫ ተጣብቆ፣ መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቶ፣ ጥገናው ከአዲስ ስልክ የሚተካከል ዋጋ ተጠይቆበት ከሆነ፣ ዕውቀቱ ሐዘኑን ከማብዛት በቀር ምን ይረባዋል? የአውሮፓ ኅብረት ይህን ተገንዝቦ፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው የሚቀርብ ስልክ ባትሪው ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲይዝ፣ ሞዴሉ መሸጡ ካበቃም በኋላ ለ7 ዓመት መለዋወጫ እንዲገኝለት ደንግጓል፤ ከየካቲት 2027 ጀምሮም፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ባለቤቱ ራሱ ባትሪውን አውጥቶ ሊለውጠው እንዲችል አዟል። ጥቅሙ ለገዢው ኪስ ብቻ አይደለም፤ ከዓለም ኮባልት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ምድር በብዙ ሠራተኞች ላብ የሚወጣ ነውና፣ አንድ ክፍል ስለ ደከመ ሙሉውን መሣሪያ መጣል የዚያን ሁሉ ድካም እንደ ትቢያ መቍጠር ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ስልክህ ያረጀው በባሕርዩ ነው፣ ነገር ግን ምን ያህል እንዳረጀና በምን እንደሚታደስ የመስማት መብት አለህ። ሸማች ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የባትሪውን ዕድሜ መጠየቅን እንደ ነውር አይቍጠረው፤ ነጋዴም ያገለገለውን «ያገለገለ»፣ ኮፒውን «ኮፒ» ብሎ ይሽጥ፤ የጥገና ባለሙያም ባትሪ ብቻ የሚፈልገውን ስልክ «አይሠራም» ብሎ አያሰናብተው፤ የሕግ አውጪዎቻችንም የመለዋወጫንና የጥገናን ነገር እንደ ትንሽ ጉዳይ አይተው አይለፉት። ዕቃ ማርጀቱን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ሰው ስለ ገዛው ዕቃ እውነቱ እንዲነገረው የሚያስገድድ ሕግ ግን ሊኖር ይችላል፤ ያለውም በሥራ ላይ የሚውለው ሸማቹ መብቱን ዐውቆ ሲጠይቅ ነው።