ሸክላና ኤሌክትሪክ

ሸክላ ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ ቶሎ የሚመጣው ጀበና፤ ምጣድና እንስራ ነው። ይሁን እንጂ በእሳት የተተኮሰ አፈር በዛሬው ዘመን ከማድቤት ወጥቶ የኤሌክትሪክ ዘበኛ፤ የራዲዮ ጆሮና የሐኪም ዓይን ሆኗል። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ባጭሩ እንመልከት።

በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ወደ ጉንደ ወይን ወይም ወደ ሌላ የደጋ ከተማ የሚሄድ ሰው ቀና ብሎ የኤሌክትሪኩን ምሰሶ ቢመለከት፤ ሽቦው እንጨቱን ሳይነካ የተደፋ ስኒ በሚመስል ነገር ላይ ተደግፎ ያያል። ሠራተኞቹም «ስኒ» ይሉታል። ስሙ የተገባ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ቡና ከምንጠጣበት ስኒ ወገን ከሆነው ሸክላ ነውና። ካኦሊን የተባለው ነጭ አፈር፤ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ከተባሉት ድንጋዮች ጋር ደቅቆ ይቦካል፤ ቅርጽ ይወጣለታል፤ ከዚያም ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እሳት ይተኮሳል። ፌልድስፓሩ ቀልጦ ቀዳዳውን ሁሉ ስለሚደፍን ውሃ አይገባበትም፤ ኤሌክትሪክም አያልፍበትም። ጠርዙ ተደራርቦ መሠራቱም ለጌጥ አይደለም፤ የክረምት ዝናብ ሲወርድ ከሥሩ ያለው ደረቅ ሆኖ እንዲቆይና ኤሌክትሪኩ በእርጥቡ ላይ ሾልኮ ወደ ምሰሶው እንዳይወርድ ነው። የተሰነጠቀ ስኒ ግን ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያም መብራት መጥፋት፤ የምሰሶ መቃጠል፤ በሰውና በከብት ላይም አደጋ ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ልጆች ስኒውን በድንጋይ ሲመቱ አይቶ ዝም ማለት አይገባም።

ሸክላ ግን ኤሌክትሪክ ከልካይ ብቻ አይደለም። ሊቃውንት የአፈሩን ዓይነት እየለዋወጡ ሌላ ሌላ ጠባይ ሰጥተውታል። በ1930 እ.ኤ.አ. ካቶና ታኬይ የተባሉ ጃፓናውያን በቶኪዮ የብረት ዝገትን ከሌሎች ማዕድኖች ጋር ተኩሰው ፌራይት የተባለውን የማግኔት ሸክላ ሠሩ። በትንሽ ራዲዮ ውስጥ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር በትር እርሱ ነው፤ ከሩቅ ጣቢያ የሚመጣውን ማዕበል ይሰበስባል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በአሜሪካ፤ በሶቪየት ኅብረትና በጃፓን የነበሩ ሊቃውንት በየፊናቸው ባሪየም ቲታኔት የተባለውን አገኙ። ኤሌክትሪክን ለጥቂት ጊዜ አጠራቅሞ የሚመልሰው ካፓሲተር ቀድሞ ሚካ ከተባለ ድንጋይ ይሠራ ነበር። አዲሱ ሸክላ ከሚካ ከመቶ እጥፍ የበለጠ የማጠራቀም ችሎታ ስላለው ካፓሲተሩ እያነሰ ሄደ፤ ዛሬ በአንድ የእጅ ስልክ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንዳንዱም ከጤፍ ቅንጣት ያንሳል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡትም የሚንቀጠቀጠው ሸክላ ነው። ሐኪም በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ በሚያንሸራትተው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ጫፍ ላይ ይገኛል። ሸክላው ሲንቀጠቀጥ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ድምፁ ከጽንሱ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ያንኑ ሸክላ ይጫነዋል፤ የሚወጣውም ኤሌክትሪክ ሥዕል ይሆናል። ጽንሱ መንታ መሆኑን ወይም አግድም መተኛቱን አስቀድሞ ማወቅ የእናትን ሕይወት ሊያድን ይችላል።

አፈር መምረጥ፤ ማድቀቅ፤ ማቡካት፤ ማድረቅና መተኮስ ግን ከጥንት ጀምሮ የሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ሥራ ነው። ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ እሳት ቢነካው እንደሚፈነዳ ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም። ሆኖም ሞያቸው በጎጃምም ሆነ በሌላው ያገራችን ክፍል ሲናቅ፤ እነርሱም «ቡዳ» እየተባሉ ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሞያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ባዋጁ አላበቃም።

አፈሩም ቢሆን በአገራችን አለ። በጉጂ ምድር ቦምቦሃ ከተባለው ስፍራ የወጣው ካኦሊን በሐዋሳ በታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ለዕቃ ሥራ ውሏል። ከቡና ስኒ እስከ ኤሌክትሪክ ስኒ፤ ከዚያም እስከ ራዲዮ ሸክላ ያለው መንገድ የትምህርትና የትጋት መንገድ ነው። እንግዲህ ልጁን የኤሌክትሪክ ጥበብ ሊያስተምር የሚመኝ ወላጅ፤ በገበያ ጀበና ዘርግታ የተቀመጠችውን ሴት ሲያይ የዚሁ ሞያ ታላቅ እኅት መሆኗን ያስብ።