ከእንጨት የተሠራው ኮምፒውተር

ፕሮቶታይፕ ማለት አንድ ዕቃ ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም ተሠርቶ ከማለቁ በፊት ሰዎች ይዘውትና ነካክተውት እንዲያዩት የሚዘጋጅ የሙከራ ናሙና ነው። ወረቀት ላይ የተገኘ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ ምርቱ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተገኘ ግን ብዙ ገንዘብ ይበላል።

ናሙናው የግድ መሥራት የለበትም። የፓልም ኩባንያ መሥራች አሜሪካዊው ጄፍ ሃውኪንስ የተሳተፈበት «ዙመር» የተባለ የእጅ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1993 ገበያ ላይ ውሎ ሳይሳካለት ቀረ፤ ትልቅና ዘገምተኛ ነበር። ሃውኪንስ ለሚቀጥለው ዕቃ አንዲት ሽቦ ሳይነካ ሸሚዝ ኪስ የሚገባ እንጨት ቆረጠ። የእስያ መመገቢያ ዘንግ አሳጥሮም ብዕር አደረገው። የስክሪኑንና የአዝራሮቹን ሥዕል በወረቀት እያተመ እንጨቱ ላይ እየለጠፈ ለሳምንታት ይዞት ዞረ። ሰው ቀጠሮ ሲጠይቀው መዥረጥ አድርጎ ያወጣውና ቀኑን የሚያይ ይመስል መታ መታ ያደርገዋል። ላየው ሰው የጤና አይመስልም። እንጨቱ ግን ኪስ ውስጥ ይጎረብጥ እንደሆነና ቀጠሮ ለማየት ስንት ጊዜ መንካት እንደሚያሰለች መለሰለት። ከዚያ የተወለደው «ፓይለት» እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ እጅግ ተወደደ። እንጨቱ ዛሬ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል።

አንዳንዴ ደግሞ ናሙናው ራሱ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአይቢኤም ተመራማሪው ጆን ጉልድና ባልደረቦቹ ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ መሣሪያ ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ። መሣሪያው ገና አልነበረም። ስለዚህ ተሳታፊው በማይክሮፎን ደብዳቤ ሲያስጽፍ ከዐይኑ የተሰወረ ታይፒስት ቃላቱን እየመታ ስክሪኑ ላይ ያወጣለት ነበር። «ማሽኑ» የሚያውቃቸውን ቃላት እንኳ 1,000 ወይም 5,000 ብለው እየገደቡ ሞክረዋል። ዘዴው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሰውን በሚያስደምመው የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ «የኦዝ ጠንቋይ» ተብሎ ይጠራል።

ለስልክ መተግበሪያ የሚዘጋጀው ናሙና ከዚህም ይቀላል። እያንዳንዱ ገጽ በእርሳስ ይሣላል፤ ተጠቃሚው «ላክ» የሚለውን ሥዕል በጣቱ ሲነካ አንድ የቡድኑ አባል ቀጣዩን ወረቀት ያቀርብለታል። «200 ብር ላክ» ተብሎ ሲደናገር ዝም ብሎ ማየት እንጂ መርዳት አይፈቀድም። ለነዳፊው ከሥዕሉ ይልቅ ይህ ዝምታ ይከብዳል። የናሙናው ሻካራነትም ጥቅም አለው። ያማረና ያለቀ ነገር የቀረበለት ሰው የተደከመበትን ላለማጣጣል «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ይሉኝታ በበረታበት አገርማ ሌላ ቃል አይወጣውም። የተሞነጫጨረ ወረቀት ግን ለመተቸት አያሳፍርም።

ይሁንና ኔትወርክ ሲዘገይ ወይም ስክሪን በፀሐይ ሲደበዝዝ የሚሆነውን ወረቀት አያሳይም። ለዚያ ስልክ ላይ የሚሄድ ናሙና ይሠራል፤ ገጾቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ከጀርባቸው ግን ምንም የለም። ጣጣው የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው፤ አለቃው ያየው ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል፤ ለሙከራ በችኮላ የተጻፈው ኮድም ሳይጣል ለደንበኛ ይሰጣል።